ልቤን ስል ልብ ያላለኝ ሐኪም

የሕመም ታሪካቸውን የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ «ሌላው እንዲማርበት ብዬ ነው» ይላሉ። ደግ ሰዎች ናቸው። እኔ የምጽፈው አንድ ሰው እንዲያፍርበት ነው። በመሐል የሚማርበት ከተገኘ ይማር፤ አልከለክልም።

ፀዳለ እባላለሁ። ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካሉት ጠባብ የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዷ ውስጥ ክስና ማመልከቻ እጽፋለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ያጣ ሰው፣ ወይም ጠበቃው የሸሸበት ሰው እኔ ጋ ይመጣል። ወንበሩ ላይ ቁጭ ይልና «በደለኝ» ብሎ ይጀምራል። «በደለኝ አይበቃም፤ ምን አደረገህ?» እለዋለሁ። ይናደዳል። ውሎ አድሮ ግን ቃሉን አጥርቶ ያወጣዋል፣ እኔም እጽፍለታለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቃል ሳጣራ ኖሬ የገዛ ራሴ አንዲት ቃል ልታስቀብረኝ ነበር። ቃሏ «ልቤን» የምትለዋ ናት።

የጀመረኝ ከስልክ ጋር ነው። አጠገቤ ያለ ስልክ ድንገት ሲጮህ ልቤ አንዴ ድው ይልና ዝም ይላል። ከዚያ ደረቴ ውስጥ እግሩን የታሰረ ዶሮ ያለ ይመስል ይንፈራገጣል፣ ዓይኔ ይጨልማል፣ ጠረጴዛውን ያዝ አደርጋለሁ፣ ወዲያው ይለቀኛል። ስልክ ሲጮህ የማይደነግጥ ማን አለ ብዬ አለፍኩት። ደግሞም ቤተሰቦቼ ከልጅነቴ ጀምሮ «ድንጉጧ» እያሉ ነው ያሳደጉኝ። በር ሲንኳኳ የምዘል፣ ብርጭቆ ሲሰበር ጉልበቴ የሚከዳኝ ልጅ ነበርኩ። አንዴ ስም ከወጣልሽ ሕመምሽም ጠባይ መስሎ ይቀራል።

መጀመሪያ የወደቅኩት መንገድ ላይ ነው። ከፍርድ ቤቱ በር ወጥቼ ወደ ሱቄ ስሻገር አንድ ሚኒባስ ከኋላዬ ክላክሱን ለቀቀው። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የክብሪት ሽታ ነው። ዓይኔን ስገልጥ አስፋልቱ ዳር ተጋድሜያለሁ፤ አንድ የማላውቀው ሰውዬ የተለኮሰ ክብሪት አፍንጫዬ ሥር ይዟል፤ ሌላው ደግሞ «አትንኳት፣ አሁን ይለቃታል» ይላል። ሰው ወድቆ ሲንፈራገጥ ከተማችን የምታውቀው በሽታ አንድ ብቻ ነው፤ የሚጥል በሽታ። መድኃኒቱም ክብሪት ነው። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። አንዷ ነጠላዋን ጣል አድርጋብኛለች፣ ቦርሳዬን የጠበቀልኝም ነበር። ነገር ግን ከተሰበሰበው ሁሉ ጣቱን አንገቴ ላይ አድርጎ «ልቧ ይመታል ወይ?» ያለ አንድም አልነበረም።

ባለቤቴ ግርማ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ዝንብ እሽ የማይል ሰው ነው። የእኔ ጉንጭ በልዞ ሰፈር ውስጥ ሲታይ ግን የሆነው ሌላ ሆነ። የዕድራችን ሊቀ መንበር መንገድ ላይ አስቁመውት «ልጄ ግርማ፣ ሚስት በምክር እንጂ በቡጢ አትያዝም» አሉት። ቤት እንደገባ ነገረኝ።

«ፀዲ፣ በናትሽ ወይ ታከሚ፣ ወይ ፊትሽን ተሸፋፍነሽ ውጪ። እኔ እኮ ሳልመታሽ ልታሰር ነው።»

ሳቅን። ያኔ ገና መሳቅ ይቻል ነበር።

ክሊኒኩን ያገኘው እሱ ነው። ከሱቁ ብዙም የማይርቅ፣ ሰው ከጠዋት ጀምሮ የሚሰለፍበት፣ ሐኪሙም «እጁ መድኃኒት ነው» የሚባልለት ነበር። ስሙን አልጽፍም። እሱ ራሱን ያውቃል፤ ለእኔ ይበቃኛል። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ወንበሮቹ በላስቲክ የተሸፈኑ ናቸው፣ ተራ የምትጠራዋ ልጅ ደግሞ ጠረጴዛዋ ላይ ደወል አላት። በደወለች ቁጥር ልቤ ዘሎ ይመለሳል። ሕመሜ እዚያው፣ ከሐኪሙ በር አጠገብ፣ በየደቂቃው ራሱን ያሳይ ነበር። የሚያየው ብቻ ነው የጠፋው።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ ስገባ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል። ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ አንቺ ነው ያለኝ። እኔ እርስዎ አልኩት።

«ልቤን ያመኛል ዶክተር። ድንግጥ ይልና ጥፍት ይልብኛል።»

«ያቅለሸልሽሻል?»

«ከወደቅኩ በኋላ አዎ።»

እጁን ዘርግቶ ሆዴ የሚጀምርበት ቦታ ላይ በጣቶቹ ጫን አደረገኝ። «እዚህ ጋ?» እንደዚያ የተጫኑት ማንም ሰው ያመዋል። «አዎ» አልኩ። መጻፍ ጀመረ።

«መንገድ ላይ ወድቄም ነበር እኮ፣ ዶክተር።»

«ቁርስ ሳትበሉ ትወጡና ትወድቃላችሁ።»

«ታላቅ ወንድሜም እንዲሁ በድንገት ነው...»

«የወንድምሽን ተይውና የራስሽን ንገሪኝ» አለኝ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር አስምሩባት። እኔ አስምሬባታለሁ።

ምርመራ አዘዘ፤ የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘብኝ። በዚህ ከተማ የማይገኝበት ሰው ስንት እንደሆነ እንጃ። ሁለት ዓይነት ፀረ ባክቴሪያ፣ አሲድ የሚቀንስ አንድ፣ ማቅለሽለሽ የሚያስታግስ አንድ ጻፈልኝና «ጨጓራ ነው፤ ቃሪያ ተይ» ብሎ ሸኘኝ። ማዳመጫው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ደረቴ ላይ ግን አላሳረፈውም።

እዚህ ላይ የሚገባውን ያህል ልስጠው፤ ክስ ስጽፍም ለተከሳሽ የሚገባውን አልነፍግም። ቋንቋችን ራሱ ወጥመድ አለው። ልቤን አቃጠለኝ፣ ልቤን አቅለሸለሸኝ ስንል ጨጓራችንን ማለታችን ነው። ልቤ አዘነ ስንል ሌላ ነው። ልብህ የት ሄደ ስንል ሐሳብህ ማለታችን ነው። ልብ በል ስንል ደግሞ አስተውል እያልን ነው። ከዚህ ሁሉ መሐል ደረት ውስጥ ያለው ሥጋ በገዛ ስሙ የሚጠራው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ልቤን ያመኛል ያለ ሁሉ ወደ ጨጓራ ይላካል፤ ብዙውን ጊዜም ጨጓራ ሆኖ ይገኛል። ግን እኔ እንኳን «ቤቴን ወሰደብኝ» ያለኝን ሰው የትኛውን ቤት ሳልለው አንድ መስመር አልጽፍለትም። እሱ የትኛው ልብሽ አላለኝም። ልቤን አልኩት፤ ልብ አላለኝም።

መድኃኒቱን በሥርዓቱ ዋጥኩ። ባሰብኝ። ቀድሞ ጠረጴዛ አስይዞ ይለቀኝ የነበረው አሁን መሬት ያገናኘኝ ጀመር። የጎረቤት በር በነፋስ ሲዘጋ ወጥ ቤት ውስጥ ወደቅኩ። ፎቶ ኮፒው ወረቀት ነክሶ ሲጮህ ሱቅ ውስጥ ወደቅኩ። ተመልሼ ሄድኩ። ዶክተሩ ፈገግ አለ፤ ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። «ይሄ እንግዲህ ጭንቀት ነው» አለና ግርማን ከውጭ አስጠራው። «ሚስትህን ተንከባከባት፣ ወጣ እያደረግክ አናፍሳት። አንቺ ደግሞ መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ።» ግርማ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ራሱን ነቀነቀ። ደረጃውን ስንወርድ «ቢሾፍቱ ልውሰድሽ እንዴ?» አለኝ። ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነበር።

አሁን ስለ ወንድሜ ልናገር፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ስላልተፈቀደልኝ። ተስፋዬ ይባላል። የመጀመሪያ ሥራውን በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ አንድ ጠዋት አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ጤነኛ ነበር፣ ኳስ ተጫዋች ነበር። አንዳንዱ ዱካክ ነው አለ፣ አንዳንዱ በምግብ ነው አለ። እማዬ ግን ወሬውን ገና ከለቅሶው ሳንወጣ ዘጋችው። «ድንገተኛ ነው፤ አለቀ። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፤ የዘር በሽታ አለባቸው እንዳታስብሉኝ» አለች። እኔ አገባሁ። ታናሻችን ምሕረት ደግሞ ያኔ ታጭታ፣ የሠርጓ ቀን ተቆርጦ፣ እማዬ ጋ ነበረች። ስለዚህ እኔ ስወድቅ እማዬ በደንብ ደንግጣለች፤ ግን ከእኔ መውደቅ በላይ የሚያስደነግጣት የመውደቄ ወሬ ነበር። «ለሰው አትንገሪ፤ ጨጓራ ነው በይ» ትለኛለች። ሐኪሙም፣ እናቴም፣ ሰፈሩም ጨጓራ ላይ ተስማሙ። ያልተስማማው ልቤ ብቻ ነው።

አንድ ከሰዓት የቤት ክርክር ያለባት ደንበኛዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እያለች ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። ከዚህ በኋላ ያለውን ከእሷ ነው የሰማሁት። ከወንበሬ ወደቅኩ፣ ተንፈራገጥኩ፣ ከዚያ መንፈራገጡም ቆመ። ከንፈሬ ጠቆረ። ከጎን ሱቅ የመጣ ሰው ክብሪት ሲለኩስ እሷ እጁን መትታ ጣለችበት። «ክብሪታችሁን ለራሳችሁ! መኪና ጥሩ፣ ሴትዮዋ እየሞተች ነው!» ብላ ጮኸች። የጎን ሱቁ ሰውዬ ራሱ ተሸክሞኝ ሮጠ፤ ይህን አልረሳለትም። የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ስደርስ አንዴ ነቅቼ እንደገና ጠፋሁ። ሁለተኛውን ግን ብቻዬን አልጠፋሁም። ሽቦ ተለጥፎብኝ፣ ልቤ ስክሪን ላይ ነበር።

ስነቃ ደረቴ ፈረስ የረገጠው ያህል ያመኝ ነበር። በኤሌክትሪክ መትተው ነው የመለሱኝ። አጠገቤ አንዲት ወጣት ሐኪም ቆማለች፣ ስክሪኑን በስልኳ አንስታዋለች። ወዲያው ያለችኝን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም።

«እህቴ፣ በጣትሽ አሳዪኝ። የሚያምሽ ልብሽ የቱ ጋ ነው?»

ጣቴን ግራ ደረቴ ላይ አሳረፍኩ። እንባዬ መጣ። ይህን ጥያቄ ስጠብቅ የነበርኩ መሆኔን ያወቅኩት ስጠየቅ ነው።

እሷ እንዳስረዳችኝ እኔም ላስረዳችሁ። ልብ የሚመታው ከላይኛው ክፍሉ ትእዛዝ እየመጣለት ነው፤ የታችኛው ክፍል ያንን ተቀብሎ ደሙን ይገፋል። አንዳንዴ የታችኛው ክፍል ትእዛዙን ትቶ በራሱ ፈቃድ ይሮጣል። መሣሪያው ላይ ሲታይ ከላይ የመጣ ምት ቀጭንና ሹል ነው፤ ከታች የተነሣው ሰፊና የተንጋደደ ነው። የእኔ ደግሞ ሰፊ ብቻ አልነበረም፤ ልክ እንደሚገመድ ገመድ እየተጠማዘዘ፣ አንዴ እያበጠ አንዴ እየቀጠነ ይሄድ ነበር። በዚህ ጊዜ ልብ ይንቀጠቀጣል እንጂ ደም አይረጭም። አንጎል ደም ሲያጣ ሰውየው ይወድቃል፣ ይንፈራገጣል፤ አላፊ አግዳሚው ክብሪት ይለኩሳል። ካልቆመ መጨረሻው ሞት ነው።

«ለምን እኔን?» አልኳት።

«ልብሽ አንዴ ከመታ በኋላ ለሚቀጥለው ምት ለመዘጋጀት ከሰው በላይ ጊዜ ይወስዳል። በዚያ መሐል ድንገተኛ ድምፅ ሲመጣ ይደናበራል። አብሮሽ የተወለደ ሳይሆን አይቀርም። የምትወስጂው መድኃኒት አለ?»

ግርማ የክሊኒኩን ፌስታል ሰጣት። አንድ በአንድ አየቻቸው። ሁለቱን ነጥላ አልጋው ላይ አስቀመጠች፣ አንዱን ፀረ ባክቴሪያና የማቅለሽለሹን። «እነዚህ ለሌላ ሰው ምንም ላይሆኑ ይችላሉ። እንዳንቺ ላለ ልብ ግን ያንን የዘገየ ዝግጅት የባሰ ያዘገዩታል» አለች። ማን እንዳዘዘልኝ ስትጠይቅ ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር አየሁት። ቁጣ ነበር። ለባልደረባዋ ስትል ዋጠችው። እኔ ባልደረባ የለኝም።

ከዚያ ወደ እማዬ ዞራ በትሕትና «እናቴ፣ በቤተሰባችሁ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ነበር?» አለቻት።

እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። «የለም ልጄ» አለች።

ክፍሉ ውስጥ ግርማ አለ፣ ምሕረት አለች፣ እኔ አለሁ። ሁላችንም ተስፋዬ እንዴት እንደሞተ እናውቃለን። ሐኪሟ ወረቀቷ ላይ ልትጽፍ ጎንበስ አለች።

«አለ!» አልኩ። ደረቴ እየተቀደደ ነው የጮኽኩት። «ወንድሜ ተስፋዬ። አልጋው ላይ ነው የሞተው፤ ጠዋት፣ የሰዓት ደወል እየጮኸ።»

«አንቺ ልጅ ዝም በይ!» አለች እማዬ።

ሐኪሟ ዝም አላሰኘችኝም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ንገሪኝ» አለች። ነገርኳት። ስጨርስ ወደ ምሕረት ዞረች። «አንቺስ? እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶሽ ያውቃል?»

ምሕረት እናቷን አየች። ከዚያ የእጅ ቦርሳዋን ከፈተችና አንድ ፌስታል አወጣች። ያው ክሊኒክ፣ ያው ማሸጊያ፣ ያው መድኃኒት። «እኔም ልቤን ብዬ ሄጄ ነበር» አለች። «ጨጓራ ነው አለኝ። ትናንት ነው የጀመርኩት።»

እማዬ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ምሕረት እዚያው አጠገቤ ተጋድማ የልብን ምት ወረቀት ላይ የሚያወጣውን ኢሲጂ ተነሣች። የእሷም እንደእኔ ነበር። ሐኪሟ መድኃኒቱን ከእጇ ተቀብላ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ዝም እንዳልል ያኔ ነው የማልኩት። እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ምናልባት እግዜር ይመስገን ብዬ ዝም እል ነበር። እህቴ ግን ያንኑ መድኃኒት ትናንት ጀምራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም ልብን የሚያረጋጋ ኪኒን በየቀኑ እንወስዳለን። ደረት ውስጥ የሚቀበርና ልብ ሲስት በራሱ የሚመታ መሣሪያ አለ፤ ዋጋውን ስንሰማ ግን ግርማ የሚቀመጥበት ወንበር ፈለገ። ሐኪሟ በኪኒኑ ተረጋግታችኋል፣ በቅርብ እንከታተላችሁ ብላናለች። ስልኬ አይጮህም፣ ይንቀጠቀጣል። ቤታችን የሰዓት ደወል የለም፤ ግርማ እግሬን ዳሰስ አድርጎ ነው የሚቀሰቅሰኝ። አሁንም ማታ ልተኛ ስል ፍርሃት ይመጣል፤ ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ ምቱን እያዳመጥኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። በሆስፒታሉ የክትትል ወረፋ ላይ ከቡታጅራ የሚመጡ አንድ አባት ወንበራቸውን ይለቁልኛል። እኔ ልጃቸው ብሆን የሚያደርጉትን ያደርጋሉ። እሳቸውን ሳይ ቁጣዬ ለጥቂት ጊዜ ይቀዘቅዝልኛል። ከዚያ ይመለሳል።

ለሚማር ሰው ያለኝ ይኸው ነው። በድንገተኛ ድምፅ፣ በድንጋጤ ወይም ስትሮጡ ራሳችሁን ከሳታችሁ ጨጓራ ነው ሲሏችሁ እሺ ብላችሁ አትውጡ፤ ኢሲጂ አንሱኝ በሉ። ልቤን ስትሉ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ። ሰው ወድቆ ሲንፈራገጥ ክብሪቱን ተዉትና ይተነፍስ እንደሆነ፣ ልቡ ይመታ እንደሆነ እዩ፤ ካልሆነ ደረቱን እየተጫናችሁ መኪና ጥሩ። መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ግን ስለ ሕመማችሁ ሳትናገሩም አዲስ መድኃኒት አትቀበሉ። በቤታችሁ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ ደግሞ ተናገሩ። ሐኪሙ ባይሰማም ተናገሩ። እናታችሁ ብትቆጣም ተናገሩ።

ወደ ቂሜ ልመለስ። ሱቄ ስመለስ የመጀመሪያው ደንበኛ ራሴ ነበርኩ። የጤና ባለሙያዎችን ጥፋት ለሚመለከተው አካል አቤቱታ ጻፍኩ። በደለኝ የሚል ቃል የለበትም። ያደረገውን፣ ያላደረገውን፣ የተናገረውን በየቦታው አስቀመጥኩት። እንደዚያ ያለ ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም። ስጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ጥሪው ሲደርሰው ሐኪሙ ሽማግሌ ላከ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማዬ ቤት ተሰብስበን ሳለ በሩ ተንኳኳ። የእማዬ የንስሐ አባት አባ ገብረ ማርያምና ጡረታ የወጡ ዳኛ አቶ ለማ ገቡ። ከኋላቸው እሱ ነበር። እማዬ ተቀመጡ ስትል ሽማግሌዎቹ እሺ ሳንባል አንቀመጥም ብለው ቆሙ። እንደ ሥርዓቱ ነው። እሱም ራሱን ደፍቶ ቆመ።

«ልጄ ፀዳለ፣ ችሎት ላይ ሆኜ ጽሑፍሽን ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ» አሉ አቶ ለማ። «ክስ ሁሉ ግን ፍርድ መድረስ የለበትም።»

«እግዚአብሔር ነፍስሽን መልሶልሻል» አሉ አባ። «ምሕረት ማድረግ ያንቺ ፈንታ ነው።»

«አባ፣ እኔን ያንገበገበኝ ምሕረት ናት» አልኳቸው። «ልትቀርብኝ ነበር።»

«ጥፋተኛ ነኝ፣ ሰው በዝቶብኝ ነው» አለ እሱ ቀስ ብሎ።

እስከዚያች ቀን እርስዎ ስለው የኖርኩትን ሰው አንተ አልኩት። «ስለ ወንድሜ ልነግርህ ስጀምር ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?»

አሰበ። «አላስታውስም» አለ። አመንኩት። ያቃጠለኝም ማመኔ ነው።

«እንግዲያው ተስፋዬን አሁን ትሰማዋለህ። ቆመህ፣ ሳታቋርጥ።»

አፌን ስከፍት እማዬ እጇን አነሣች። እሷ ጀመረች። ስንት ዓመት ሙሉ የዘጋችውን በእንግዳ ፊት ከፈተችው። እንዴት እንደተኛ፣ ምን በልቶ እንደነበር ተናገረች። «ሰዓቱ ይጮሃል፣ ይጮሃል። ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው ብዬ ገባሁ። መጀመሪያ ሰዓቱን ነው ያጠፋሁት። ትንሽ ይተኛ ብዬ በሩን ዘግቼለት ወጣሁ» አለች። ይህን እኛ ልጆቿም አናውቅም ነበር። አባ ገብረ ማርያም መስቀላቸውን ጨበጡ። ሐኪሙ ዓይኑን ጠረገ።

አቶ ለማ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰምቷል፤ አልቅሷልም። እንግዲህ እሺ በይን።»

ምሕረት ለስላሳ መጠጥ የደረደረችበትን ትሪ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ትሪውን አስቀመጠችና ፊት ለፊቱ ቆመች። «እኔንስ ታስታውሰኛለህ ዶክተር?»

በትሕትና ፈገግ ሊል ሞከረ። «እህቷ ነሽ መሰለኝ።»

«ታካሚህ ነኝ። ለእኔም ያንኑ መድኃኒት ነው የሰጠኸኝ። እኔም ያው ልብ ነው ያለኝ።»

እሺ ሳይባል ተቀመጠ።

ሽማግሌዎቹ ቅር እንዳላቸው ወጡ፤ አባ ሲወጡ አልባረኩንም። እማዬ በሩን ዘግታ «አሁን የሙሽራው ቤተሰብ ይሰማል» አለች በዝግታ።

«ይስሙ» አለች ምሕረት። «የሚፈልገኝ ከነልቤ ይውሰደኝ።»

ሰኞ ጠዋት ሱቅ ስከፍት በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። አቤቱታውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትኩት። «እርግጠኛ ነሽ? ስምሽ አንዴ ከገባ በኋላ አይወጣም» አልኳት።

«ጻፊ» አለችኝ።

ከስሜ ሥር «ሁለተኛ አመልካች» ብዬ ጻፍኩ፣ ስሟን ጨመርኩ፣ አትሜ ሰጠኋት። ሳታነብ ፈረመች። ይቅር በይው የሚሉኝ ሰዎች ዛሬም አልጠፉም። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው፤ ከእንግዲህ ምሕረትም ከሳሽ ናት።